ውሃ ያያል

«አባዬ፣ ሺ ያስፈልገኛል» አለችኝ ልጄ አንድ የኅዳር ማታ፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ። ያን ጊዜ አሥር ዓመቷ ነበር። ወሩ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ የቤቱ ገንዘብ አልቆ ደሞዝ ገና ከሩቅ ሲጠበቅ፣ «ሺ» የሚለው ቃል በአንድ አባት ጆሮ ውስጥ ምን ዓይነት ደወል እንደሚደውል ልጆች ያሏችሁ አንባብያን ታውቁታላችሁ። «ሺ ምን?» አልኳት ደንገጥ ብዬ። «ሺ ነዋ! ከክፍሉ ጋር ጫካ ልንወጣ ነው፤ ሁሉም አላቸው።»

እኛ ስኪ የምንለውን ኖርዌያውያን ሲጽፉት እንጂ ሲጠሩት ስኪ አይሉትም፤ «ሺ» ነው የሚሉት። በማግስቱ ሱቅ ገብቼ ዋጋውን ሳይ፣ በእነሱ ሺ እና በእኛ ሺ መካከል ያን ያህል ርቀት እንደሌለ ተረዳሁ።

ኦስሎን ለማታውቁ ይህን ልበል። ከከተማዪቱ በስተሰሜን ኖርድማርካ የሚባል ሰፊ ጫካ አለ። በረዶው ሲጥል ሰዉ ረጃጅም ስኪውን ተሸክሞ በከተማው ባቡር ይሳፈራል፤ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ይወርድና እግሩን ከስኪው አጣብቆ እየተንሸራተተ ከዛፎቹ መሐል ይጠፋል። አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይሄዳሉ፤ ውሾችም አይቀሩም። «ስንወለድ ስኪ እግራችን ላይ ነበር» የሚል አባባል አላቸው። እኔ የተወለድሁት ደብረ ብርሃን ነው። ውርጭን አውቀዋለሁ፤ ጧት ጧት ሣሩን ነጭ አድርጎ ሲጠብቀን አድገናል። ውርጭ ላይ መንሸራተት ግን በእኛ ሰፈር ጨዋታ ሳይሆን አደጋ ነበር።

«ሀበሻ ሺ ይችላል?» ብላ ስትጠይቀኝ ሮቤል ተክለማርያምን አነሣሁላት። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሎምፒክ የወከለው፣ በ2010ም ወደ ቫንኩቨር የተመለሰው እርሱ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ የተወዳደረው በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ነበር። ዝም ብላ ሰማችኝና «አንተስ?» አለች። ለራሴም ጭምር ስኪ የፈለግሁት ይህን ጥያቄ የምመልስበት ሌላ መንገድ ስላጣሁ ነው።

በዚህ አገር ትምህርት ቤቶች የሙዚቃ ጓዶቻቸውን ለመርዳት በመጸውና በጸደይ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ያቆማሉ። ከዚያ ገበያ ሁለት ጥንድ ስኪ ገዛሁ። የልጄን ትንሽ አስረዘምሁት፤ ለዘመን መለወጫ የልጅ ጫማ ሲገዛ አንድ ጣት ተርፎ እንደሚገዛው ማለት ነው። የእርሷ ስኪ መሐሉ እንጨት ነው። አሮጌው ባለ ሦስት ጥርስ ማሰሪያ ተነቅሎለት በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ሦስት ባዶ ቀዳዳ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ያን ዓይነት ማሰሪያ እ.ኤ.አ. በ1927 የፈለሰፈው ብሮር ቪት የሚባል ኖርዌያዊ ነው፤ ስሙንም «ሮተፌላ» ብሎታል፤ የአይጥ ወጥመድ ማለት ነው። የጫማውን አፍንጫ ቀጭ አድርጎ ሲይዘው ላየ ሰው ስሙ ይገባዋል። ልጄ የሚያስፈልጋት ግን የዛሬው ዓይነት፣ ጫማው ጫፍ ላይ ያለችውን ቀጭን የብረት ዘንግ የሚይዘው ማሰሪያ ነበር። እርሱንም ገዛሁ። አዳዲሶቹ ስኪዎች አብዛኞቹ ማሰሪያው የሚገባበትን ሳህን ከፋብሪካው ለብሰው ስለሚመጡ መሰርሰር አያሻቸውም። የድሮዎቹ ግን ይበሳሉ።

ሱቁ ማሰሪያውን ለመግጠም የጠየቀኝ ገንዘብ ስኪው ራሱ ካወጣው ይበልጥ ነበር። ያን ጊዜ ውስጤ የነበረው ኩራት ተነሣ። የአናጢ ልጅ ነኝ። ትራፓንና ፑንታ፣ ካቻቪቴና ሞርሳ ከሚሉት ቃላት ጋር ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ተዋውቄያለሁ። ስድስት ቪቴ ለመምታት ብዬ የሰው እጅ አልከፍልም አልሁ።

ከጎረቤት ትራፓን ተዋስሁ። ከማሰሪያው ጋር የመጣውን የወረቀት ልክ ስኪው ላይ ለጠፍሁ። በሳሁ። ቪቴዎቹን በደረቁ፣ እስኪንገጫገጩ ድረስ አጠበቅሁ። ሦስቱን አሮጌ ቀዳዳዎች በጥቁር ፕላስተር ሸፈንኋቸውና ከስኪው ቀለም ጋር መመሳሰሉን አይቼ ተደሰትሁ። ከአዲሶቹ ቀዳዳዎች አንዱ ከአሮጌው የራቀው በጣት ጥፍር ያህል ብቻ እንደነበር አይቻለሁ። አይቼም አልፌዋለሁ። ሥራው አርባ ደቂቃ አልፈጀም። ልጄ በእጇ ዳሰሰችውና «ቆንጆ ነው» አለች። ያን ክረምት እኔ ስወድቅ እርሷ እየሳቀች፣ ብዙ ኪሎ ሜትር አብረን ሄድን። በጋ ሲመጣ ስኪዎቹን እርጥበት ካለበት ምድር ቤት አቆምኋቸው።

በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ፣ አንድ እሑድ ከሶግንስቫን ሐይቅ ተነሥተን ኡለቮልሴተር ወደሚባለው የጫካ ቤት ወጣን። ዋፈል በላን፤ ትኩስ ቸኮሌት ጠጣን። ስንመለስ ፀሐይ ለመጥለቅ እየተንደረደረች ነበር፤ በጥር ኦስሎ ውስጥ በእኛ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። አንድ ቁልቁለት ላይ ልጄ ከፊቴ ወደቀች። መውደቅ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሳትነሣ ስትቀር ግን ደረስሁ። ማሰሪያው ከጫማዋ ጋር ነው፤ ስኪው ብቻውን ሄዷል። ከቪቴዎቹ ጫፍ ላይ እርጥብ የእንጨት ብናኝ ተንጠልጥሏል።

በጫማዬ ክር ላስረው ሞከርሁ፤ ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ተበጠሰ። የእኔን ስኪ ልስጣት ብል ጫማዋ አይገባበትም። የስኪ ጫማ ለስላሳና ስስ ነው፤ እየተንቀሳቀሱ እንጂ ቆመው የሚሞቁበት አይደለም። ስኪዎቹን ሁሉ በትከሻዬ አድርጌ እጇን ይዣት በእግር ወረድን። ለስኪ የተጠረገው መንገድ ለእግር አይመችም፤ በየእርምጃው ይሰምጣል። ብርዱ ከዜሮ በታች አሥራ አራት ነበር። መንገደኞች ቆመው ጠየቁን፤ አንዲት ሴት ደረቅ ካልሲ ሰጠቻት። ባቡሩ ጋ ስንደርስ የእግር ጣቶቿ አይሰሙኝም አለች። ባቡር ውስጥ ጫማዋን አውልቄ እግሯን ከሸሚዜ ሥር፣ ከሆዴ ላይ አደረግሁት። ደሙ ሲመለስ ሕመሙም አብሮ ተመለሰ፤ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ሕመሙ ሲያበቃ እየተገረመች «አባዬ፣ ይህን የሠራኸው አንተ አይደለህ?» አለችኝ።

ለወቀሳ ብላ አይደለም የተናገረችው። እኔ የሠራሁት ነገር ይነቀላል ብላ አስባ ስለማታውቅ ነው። ብትወቅሰኝ በተሻለኝ ነበር።

ሌሊቱን ስኪውን ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ በመብራት አየሁት። ጥቁሩን ፕላስተር ስልጠው ሥሩ ያለው እንጨት ቡና አተላ መስሏል። በጥፍሬ ስነካው ፈረሰ፤ የረጠበ ምድር ቤት ይሸታል። ነገሩ እንዲህ ነው። የስኪው ላይና ታች በፕላስቲክ ተለብጧል፤ ውሃ አያስገባም። አንዴ ከተበሳ ግን ቀዳዳው በቀጥታ ወደ እንጨቱ የሚወስድ በር ነው። በረዶው ከማሰሪያው ሥር ይቀልጣል፤ ውሃው በቪቴው ጥርስ እየተሽከረከረ ይወርዳል፤ እንጨቱ ይጠጣና ያብጣል። ሌሊት ደግሞ ይረጋል፤ ውሃ ሲረጋ ይዘቱ ዘጠኝ በመቶ ያህል ስለሚሰፋ የእንጨቱን ጭረት ይፈለቅቃል። ቀን ይቀልጣል፤ ሌሊት ይረጋል። ቪቴው ከላይ ሲታይ እንደጠበቀ ነው፤ የነከሰው እንጨት ግን የለም። ፕላስተሩ ውሃውን አልከለከለም፤ ገብቶ እንዳይደርቅ ብቻ ከደነበት። አሮጌዎቹ ቀዳዳዎች ከእኔ በፊትም ጠጥተው ይሆናል፤ እኔ ደግሞ አጠገባቸው ሌላ በር ከፈትሁ።

በዚያ ሌሊት አባቴ ትዝ አለኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በርና መስኮት የሚሠራ አናጢ ነበር። አሮጌ ሣንቃ ሲገዛ መጀመሪያ ምስማሩን ይነቅላል፤ ቀጥሎ በየቀዳዳው ሰጋቱራ ከኮላ ጋር ለውሶ በቀጭን ጨፈቃ እየጠቀጠቀ ይሞላል። የሚታየውንም የማይታየውንም፤ ከማጠፊያው ሥር የሚቀረውንም ጭምር። ሰጋቱራውን የማመጣለት እኔ ነበርሁ፤ ሥራው ይሰለቸኝ ነበር። አንድ ጊዜ ሰኔ ሊገባ ሲል አንዲት ነጋዴ መስኮቶቿን ልትወስድ መጥታ አባቴ የመስኮቱን የታች ጠርዝ ሲወትፍ አገኘችው። ዝናቡ እያስገመገመ ነው። «ጋሼ፣ የታቹን ደግሞ ማን ሊያየው ነው? በቃ ያስረክቡኝ» አለችው። አባቴ ቀና አላለም። «ውሃ ያያል፣ እትዬ» አላትና ቀጠለ።

ይህን ነገር ለዓመታት እንደ ቀልድ ስናገረው ኖሬያለሁ። አባቴ ሙያውን ሊያስተምረኝ ፈልጎ ነበር፤ እኔ መጻሕፍቱን መረጥሁ፤ እርሱም አልተቃወመኝም። የመሣሪያዎቹን ስም ይዤ ስለሄድሁ ሙያውንም የያዝሁ መስሎኝ ነበር። በባዕድ አገር ጠረጴዛ ላይ፣ የበሰበሰ ቀዳዳ እየጎረጎርሁ፣ የቀረብኝ የትኛው ክፍል እንደሆነ ገባኝ። መብሳቱን ሁሉም ይችለዋል። ሙያው የበሱትን መድፈን ነው።

ስለዚህ እንደገና ጀመርሁ፤ በዚህ ጊዜ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ። የሠራነውን ልንገራችሁ፤ ከእናንተ አንዱ አንድ ቀን ይጠቅመው ይሆናል።

የበሰበሰውን በስለት ጠርገን ጤነኛው እንጨት እስኪመጣ አወጣነው። ከዚያ ስኪውን ከማሞቂያው አርቀን፣ በቤቱ ሙቀት ብቻ፣ ከሳምንት በላይ እንዲደርቅ ተውነው፤ እርጥብ እንጨት ላይ ኮላ ማፍሰስ ሌባን ከቤት ቆልፎ እንደማሳደር ነው። ሲደርቅ ኢፖክሲ የሚባለውን፣ ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚደርቀውን ማጣበቂያ፣ ከደቃቅ ሰጋቱራ ጋር ለውሰን የተጎዳውን ጉድጓድ ሞላን። ሰጋቱራውን ያመጣችልኝ ልጄ ናት። ሦስቱን አሮጌ ቀዳዳዎች ደግሞ ኮላ በተቀባ ውታፍ ደፈንን፤ ሲደርቅ ትርፉን ከስኪው ገጽ ጋር እኩል ቆረጥን።

ቀጥሎ ልክ ነው። ማሰሪያ የሌለውን ስኪ በማስመሪያ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ እንደ ሚዛን ሁለት ወገኑ እኩል የሚቆምበትን ቦታ መፈለግ ነው፤ የጫማዋ ዘንግ የሚያርፈው እዚያ መስመር ላይ ነው። ማሰሪያውን ወደ ጤነኛ ቦታ ገፋ ማድረግ ያልቻልሁትም ሚዛኑ ስለሚጠፋ ነው። የሚቻል ቢሆን ኖሮ አዲስ ቀዳዳ ከአሮጌው ቢያንስ አንድ ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት። የስኪውን ወርድ ለክተን መሐሉን አሠመርን፤ የወረቀቱን ልክ አጣብቀን እያንዳንዱን ነጥብ ፑንታው እንዳይንሸራተት በሹል ብረት ወጋነው። ፑንታው 3.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥልቀቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ። ከዚያ እንዳያልፍ ፑንታው ላይ ፕላስተር ጠምጥመን ምልክት አደረግን፤ ያለ ምልክት የሚበሳ ሰው ስኪውን በታች በኩል ሊያወጣው ይችላል።

ቪቴዎቹ ላይም ሌላ ስሕተቴን አገኘሁ። ራሳቸው ላይ ያለው መስቀል ተራ መስቀል አይደለም፤ በክንፎቹ መሐል አራት ቀጫጭን ጭረቶች አሉት፤ ፖዚድራይቭ ይባላል። የራሱ ካቻቪቴ አለው፤ በተራው ሲያጠብቁት ይንሸራተትና ራሱን ይበላዋል። ትክክለኛውን ገዛሁ። ከዚያ በፊት ግን በየቀዳዳው ውሃ የሚቋቋም የእንጨት ኮላ ጠብ አደረግን። ኮላው ሁለት ሥራ አለው፤ ቪቴው ሲገባ ያለሰልስለታል፤ ሲደርቅ ደግሞ በጥርሱና በእንጨቱ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ዘግቶ ውሃውን ከደጅ ያስቀረዋል። ቪቴዎቹን በእጅ፣ በየተራ ጥቂት ጥቂት እያልን አጠበቅን። ጠበቅ ሲል ቆምን፤ ከዚያ ማለፍ እንጨቱን መላጨት ነው። ቪቴው ሥር ኮላው ፈንጠር ብሎ ሲወጣ ልጄ ልትጠርገው ቸኮለች፤ «ቆይ፣ ይህ መሙላቱን የሚነግረን ነው» አልኳት። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው። እስከ ማግስቱ አልነካነውም። በቪቴ ቀዳዳ ኢፖክሲ የሚጨምር ሰው ይህን ይወቅ፤ አንድ ቀን መንቀል ሲፈልግ የቪቴውን ራስ በብየዳ ካውያ ጫፍ አሙቆ ማለስለስ ይኖርበታል።

አንድ ነገር ሳልል ብቀር አባቴ ይቆጣኛል። ይህ ሁሉ የተነገረው ለአገር አቋራጭ ስኪ ነው። ከተራራ ቁልቁል የሚወረድበት ስኪ ማሰሪያ ሌላ ነው፤ ሰው ሲወድቅ እግሩን ለቅቆ አጥንቱን እንዲያተርፍለት ነው የተሠራው። የሚለቅበት ልክ በሰውዬው ክብደትና ቁመት፣ በዕድሜውና በችሎታው፣ በጫማውም ርዝመት ይወሰናል፤ ትክክለኛነቱም በመሣሪያ ይፈተናል። ያንን ለባለሙያ ስጡ። ራስን መቻል ጥሩ ነው፤ የት ላይ እንደሚያበቃ ማወቅ ግን የራስ መቻል አንዱ ክፍል ነው።

ከዚያ ወዲህ ያነበብሁት አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በኖርዌይ ተራራ፣ ዲገርቫርደን በሚባል ቦታ፣ በረዶው ሲቀልጥ 1300 ዓመት ገደማ የሆነው አንድ ስኪ ተገኘ፤ በ2021 ጥንዱ ከአቅራቢያው ወጣ። እግር የሚቆምበት ቦታ ላይ የተበሳ ቀዳዳ አለው፤ ማሰሪያው ከተጠማዘዘ በርች የተሠራ ነው፤ አብረውትም የቆዳ ጠፍርና የእንጨት ውታፍ ተገኝተዋል። የተጠገነበት ምልክትም ይታይበታል። ፎቶግራፉን ለልጄ አሳየኋት። ብዙ ጊዜ አየችውና «እነሱም ይወትፉ ነበር» አለች። ማን እንደነበሩ አናውቅም፤ ስማቸው ጠፍቷል። ውታፋቸው ግን አለ።

ማሰሪያው ያን ክረምትና የሚቀጥለውን አገለገለ። ያቺን ቁልቁለት ስንወርዳት የመጀመሪያዋ ጊዜ ላይ እኔ ነበርሁ የፈራሁት፤ እርሷ ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። ከዚያ ቁመቷ ስኪውን አለፈው፤ ባለፈው መጸው ለአሮጌው ዕቃ ገበያ ልመልሰው ወሰንሁ። ማሰሪያውን ለሌላ ስኪ ልንጠቀምበት ስለፈለግን መንቀል ነበረብን። ቪቴው ለመውጣት እንቢ አለ፤ እያቃሰተ ነው የወጣ። ቀዳዳው ውስጥ በባትሪ አየን። እንጨቱ እንደበሳነው ቀን ነጭ ነው፤ ደረቅ ነው፤ ምንም አይሸትም።

ልጄ ሳልነግራት ኮላውንና ውታፉን አመጣች። «ገዥው የራሱን ማሰሪያ ሲያስገጥም ይሸፍነው የለ እንዴ? ተዪው» ብዬ ፈተንኋት። ቀና አላለችም። አያቷን አይታው አታውቅም፤ አማርኛዋም የኖርዌይ ዜማ አለው። «ውሃ ያያል» አለችኝና ወደ ሁለተኛው ቀዳዳ አለፈች።